ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

የኮምፒውተር ማራገቢያ ሥራ ሲበዛበት የሚያሰማው ድምፅ አለ። መጀመሪያ እንደ ሩቅ ወፍጮ ቀስ ብሎ ይጀምርና እየወፈረ፣ እየወፈረ ሄዶ በመጨረሻ ክፍሉን ሁሉ ይሞላዋል። ባለፈው ሰሞን ጊንጪ በምሠራበት ቢሮ መስኮት ሥር ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ይህን ድምፅ ሲያሰማ፣ ሳላስበው ከወንበሬ ተነሥቼ ሄጄ እጄን ጀርባው ላይ አሳረፍኩ። የሥራ ባልደረባዬ «ምነው፣ አተኮሰው እንዴ?» ብላ ስትስቅብኝ እኔም ሳቅኩ፤ ልቤ ግን ጊንጪ አልነበረም። አምቦ፣ ከሁሉቃ ድልድይ ማዶ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ነበር፣ ወሩ ጥር ነበር፣ እናቴም ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አንድ ቀጭን ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣ ቆማ ነበር።

በቤታችን ምንም ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም ነበር። ቴሌቪዥኑ ባለ አበባ ዳንቴል ነበረው፣ ፍሪጁ ባለ ዘርፍ ዳንቴል ነበረው፣ ሪሞቱ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ላስቲኩ ሳይወልቅ ይኖር ነበር፣ መናገር ካቆመ ዓመታት ያለፉት ራዲዮ እንኳ ለፋሲካ የሚለብሰው ነጭ፣ ለአዘቦት የሚለብሰው ቢጫ ነበረው። እናቴ ብርቅነሽ፣ አገሩ «ብርቄ» የሚላት፣ «ያልተሸፈነ ዕቃ ጌታ የሌለው ይመስላል» ትል ነበር። አባቴ ጭልሞ ደን ውስጥ ይሠራ ስለነበር ወደ ቤት የሚመጣው ለሰንበት ብቻ ነው፣ ሲመጣም በሩ ላይ ቆሞ «እኔንም ሳታለብሱኝ ልግባ» እያለ ያሾፍ ነበር።

ያ ዓመት የጀመረው በክረምት ነው። ዝናቡ ሁሉቃን አደፍርሶት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ እኔ ከአምስተኛ ወደ ስድስተኛ ክፍል አልፌ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አጎቴ ከአዲስ አበባ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር በአውቶቡስ ታቅፎ መጣ። ሲፈታ ኮምፒውተር ሆነ፤ ግን በትምህርት ቤታችን እንዳየሁት ያለ ትልቅ ሣጥን ሳይሆን፣ ቢሮዎች ጠረጴዛ እንዳይሞላባቸው የሚገዙት ቀጭን፣ ተጋድሞ የሚቀመጥ፣ ከላይ በኩል ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ ያለው ነበር። አባቴ አገላብጦ አይቶ «ይኼ ኮምፒውተር ነው ወይስ መዝገበ ቃላት?» አለ። እናቴ ግን አልሳቀችም። በሁለት እጇ ተቀብላ ሳሎኑ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ አኖረችውና በነጠላዋ ጫፍ ዙሪያውን ጠረገችው።

ያልሳቀችበትን ምክንያት የተረዳሁት መስከረም ሲጠባ ነው። እናቴ በከተማችን አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርታለች፤ የአምቦን፣ የጉደርን፣ የጊንጪን ሠርግ ቆርጣ ቀጥላ፣ ዘፈን አስገብታ ቪዲዮ የምታደርገው እሷ ነበረች፣ መጨረሻው ላይ የሚጻፈው ግን የባለ ፎቶ ቤቱ ስም ነበር። መስከረም ላይ ቁልፉን መልሳ «ከእንግዲህ በራሴ እሠራለሁ» አለችው። ሰውየው ሳቀና «ብርቄ፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም? ለጥር ተመልሰሽ ትመጫለሽ» ብሎ ሸኛት። ይህን ቤት መጥታ ስትነግረን ድምፅዋ አልተቀየረም፤ የዚያን ዕለት ግን ድስቱን ስታጥብ ታች ያለው ጥላሸት ሁሉ እስኪለቅ ፈተገችው።

እኔም በዚያው ክረምት ሙያ ይዤ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ደስታ ዳንቴል መሥራት አስተማሩኝ። እትዬ ደስታ ልል ስፌት አይወዱም ነበር፤ አንድ ቀዳዳ ሰፍቶ ካዩ «ይኼ የዓሣ መረብ ነው፣ ፍቺው» ይሉኝ ነበር፣ ስለዚህ ክሩን እየሳብኩ፣ እያጠበቅኩ፣ ጣቴ እስኪቀላ ድረስ ስሠራ ከርሜ አንድ ቀን ዳንቴሌን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩትና «ይኼማ ውሃም ይቋጥራል!» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ቀን አልነበረም። ለማን እንደምሰጠው አውቄ ነበር፤ እስኪያልቅ ለማንም አልነገርኩም።

በጥቅምት እናቴ ልደትና ክርስትና እየቀረጸች ስትሠራ ኮምፒውተሩ መንተባተብ ጀመረ። የሰው አፍ ቀድሞ ድምፁ ኋላ ይመጣል፣ እስክስታ የሚመቱት ሰዎች አንድ ትከሻቸው ወጥቶ ሳይወርድ ይቀራል። ዕቃ የሚጠግነው ገመቹ፣ ገበያው መግቢያ ላይ ጠባብ ሱቅ ያለው ወጣት፣ ከፍቶ አየውና «አዴ ብርቄ፣ ልቡ ደህና ነው፣ ዓይኑ ነው የደከመው። ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል» አላት። ካርዱ ማለት ሥዕሉን ብቻ የሚሠራ፣ የራሱ ትንሽ ማራገቢያ ያለው ሌላ ክፍል መሆኑን አስረዳት። እናቴ ለራሷ ቀሚስ ልትገዛበት ያሰበችውን ገንዘብ ለካርዱ ብላ ለአጎቴ ላከችለት። አጎቴ ያመጣው ግን ቁመቱ ረጅም ሆኖ ከቀጭኑ ሣጥን ውስጥ አልገባ አለ፤ ገመቹ በቁሙም በአግድሙም ቢሞክረው ግማሹ ውጭ ቀረ። ተመልሶ ሄዶ፣ አጭሩ እስኪገኝ ሁለት ወር አለፈ።

በመሃሉ ኅዳር ገብቶ ጤፉ መታጨድ ሲጀምር ኦቦ ተሾመ የሚባሉ የጉደር ሰው እቤታችን መጡ። ልጃቸውን በጥር ሊድሩ ነው። ወንበር ላይ ከተቀመጡ በኋላ በትራቸውን ጉልበታቸው መሃል አድርገው «ትልቋን ስድር ቪዲዮው የደረሰኝ የልጅ ልጄ ጥርስ አውጥቶ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ በእኛ አገር የሠርግ ቪዲዮ ክርስትና ላይ ቢደርስም እንደ ቶሎ ነበር የሚቆጠረው።

«ለቅልቅሉ ይደርስልዎታል» አለች እናቴ።

ከሠርጉ እስከ ቅልቅሉ ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ኦቦ ተሾመ በትራቸውን ትተው አዩዋት። «ሁለት ሳምንት?»

«ሁለት ሳምንት።»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እንግዲህ ተናግረሻል።»

«ተናግሬያለሁ።»

የወለዱት የተባልኩት እኔ በሩ አጠገብ ኪሮሼዬን ይዤ ቆሜ ነበር፣ ተረቱንም አልወደድኩትም። ወሬው ግን ለፎቶ ቤቱ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ባለ ፎቶ ቤቱ ለሚያገኘው ሁሉ «ሁለት ሳምንት አለች አሉ፣ ሁለት ሳምንት!» እያለ ሁለት ጣቱን ያወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩ የአንድ ሠርግ ቪዲዮ መሆኑ ቀረ። ከደረሰ እናቴ ባለሙያ ትባላለች፣ ካልደረሰ አንገቷን ደፍታ ወደዚያው ሰው ደጅ ትመለሳለች። ይህን እኔ በልጅነቴ አውቅ ነበር፣ እናቴም ማወቄን ታውቅ ነበር።

አጭሩ ካርድ የመጣው ሠርጉ በዋለ ማግስት፣ ሰኞ ነው። ገመቹ ከካርዱ ጫፍ ረጅሙን የብረት ማሰሪያ ፈትቶ አጭሩን ካሰረለት በኋላ ካርዱ ቦታው ላይ ቀጭ ብሎ ገባ። ሱቁ ውስጥ ከፍተን አየነው፤ እስክስታው ትከሻ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይወርዳል፣ ይወጣል። በባጃጅ ይዘን ስንመለስ እናቴ ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ አራስ ደግፋው ነበር። ቤት ስንደርስ እኔ ሮጬ ከፍራሼ ሥር ዳንቴሌን አወጣሁ። ቀጥ ብሎ እንዲቆም በስኳር ውሃ ነክሬ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ እንደ ካርቶን አጠንክሬው ነበር። ዳርና ዳሩ ላይ የቢራቢሮ ክንፍ አለው። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ለአዲሱ ሥራሽ» ብዬ ዘረጋሁላት። እናቴ ጉንጬን ሁለት ጊዜ ሳመችኝና በገዛ እጄ ኮምፒውተሩን እንዳለብሰው ፈቀደችልኝ። ልክ ነበር የመጣለት።

መጀመሪያ ስትከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ለገመቹ ደወለች። «የስክሪኑን ገመድ የት ሰካሽው?» ብሎ ሲጠይቃት «በድሮው ቦታ ነዋ» አለች፣ እሱም «አዴ ብርቄ፣ አዲስ ዓይን አስገብተን በድሮው ዓይን እንይ እንዴ? አዲሱ ካርድ ላይ ሰኪው» አላት። ሰካችው፣ መጣ። ይህ ትንሹ ችግር ነበር። ማክሰኞ ሥራውን ስትጀምርና የቆረጠችውን ሁሉ አንድ ላይ እንዲጋግር ሲታዘዝ፣ እሷ ሬንደር የምትለው ነው፣ ማራገቢያው መጮህ ጀመረ፣ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላም እልም ብሎ ጠፋ። ስትከፍተው ተነሣ። ስታሠራው እንደገና ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ጠፋ። በዚያ ዕለት ሰባት ጊዜ ጠፋ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው መብራት ነው፤ በአምቦ ምንም ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። እትዬ ደስታ የፍሪጃቸውን ስታቢላይዘር ነቅለው አዋሱን፣ ለውጥ አልመጣም። ቀጥሎ አቧራ ተጠርጥሮ ጎሚስታ ቤት ወስደን፣ ጎማ የሚነፋበት አየር አስነፋነው፤ ሠራተኛው «የፊት ነው የኋላ?» እያለ ቢያሾፍብንም በደንብ ነፋው፣ ለውጥ አልመጣም። ከዚያ ገመቹ በስልክ ባዘዛት መሠረት ራም የሚባሉትን ሁለት ቀጫጭን ሰሌዳዎች አውጥታ ወርቃማ ጥርሳቸውን በእኔ ላጲስ ፈተገቻቸው። ላጲሴ አለቀ፣ ኮምፒውተሩ ግን ያንኑ ሃያ ደቂቃውን ሠርቶ ጠፋ። እትዬ ደስታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዓይን ነው። ባለ ፎቶ ቤቱ ዓይኑን ጥሎበት ነው፣ ጠበል እንርጨው» ሲሉ እናቴ «ጠበሉን ለእኔ ይርጩልኝ እትዬ፣ እሱ ላይ ከተረጨማ አብረን ነው የምንቃጠለው» አለቻቸው።

የሚያናድደው ነገር ደግሞ ገመቹ ሱቅ ሲወሰድ አለመጥፋቱ ነው። ሐሙስ ወሰድነው፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ሠራ። ቤት መለስነው፣ በሃያ ደቂቃ ጠፋ። ዓርብ ወሰድነው፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሠራ። ቤት መለስነው፣ ጠፋ። እኔም በተመለሰ ቁጥር አቧራ እንዳይገባበት ዳንቴሌን ዳርና ዳሩን አስተካክዬ መልሼ አለብሰው ነበር። ቅዳሜ ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ቅልቅሉ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር፣ የእናቴም ዓይን ሥሩ ጠቁሮ ነበር። ገመቹ ትከሻውን ሰብቆ «እዚህ ይሠራል፣ ቤትሽ አይሠራም፣ ታዲያ እኔ ቤትሽን ልጠግን?» ሲላት፣ እናቴ የገበያ ቀን መሆኑን ረስታ፣ ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ «አንተ ነህ ነካክተህ ያበላሸኸው! የማታውቀውን ዕቃ ለምን ትከፍታለህ?» ብላ ጮኸችበት። ገመቹ ቀላ። አጠገባችን ላፕቶፑን ሊሰጠው የመጣ አንድ መምህር ነበር፣ ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ቦርሳው ውስጥ መልሶ ከትቶ ወጣ። ያንን አየሁ፣ እናቴም አየች። በየደረሰችበትም «ገመቹ ጋ እንዳትወስዱ» ማለት ጀመረች፣ ስትል ግን ፊቷ አያምርም ነበር።

እናቴ ስትናደድ የምትጮኸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተቀምጣ ታስባለች። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ የእኔን ደብተር ገልብጣ፣ አንዱን ገጽ በመስመር ለሁለት ከፍላ፣ በአንዱ ራስ ላይ «እዚያ»፣ በሌላው ላይ «እዚህ» ብላ ጽፋ አገኘኋት። እዚያ ሲሆን የሚሠራው፣ እዚህ ሲሆን የሚጠፋው በምን ልዩነት ነው? ገመዱ ያው፣ ሠረዘችው። ስክሪኑ የተለየ ነው፤ ማክሰኞ ኮምፒውተሩን ከእኛው ስክሪን ጋር እትዬ ደስታ ቤት ወስዳ ሰካችውና የእኛም ቤት ከሚጠቀምበት መስመር በሚመጣው መብራት ከምሳ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አሠራችው፣ ሠራ። ስክሪኑም መብራቱም ነፃ ወጡ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ መምህራኖቼ እንኳ እንዲህ ሲያስቡ አላየሁም ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመችው እናቴ እየጠየቀች፣ እየሠረዘች፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየረች ስትሄድ ሳያት ደረቴ ይነፋ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን ወደ ቦታው መልሰን፣ እኔም እንደ ልማዴ አልብሼው ሥራውን አስጀመረችው። ደብተሩ ላይ ያልተሠረዘ ነገር አልቀረም።

«ሌንሴ፣» አለችኝ፣ «እዚያ የሌለ፣ እዚህ ያለ ነገር ምን ቀረ?»

ብዙ አሰብኩና «እኛ» አልኳት።

ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ማራገቢያው መጮህ ጀመረ። እናቴ ተነሥታ ሄደችና፣ እኔ ሲያመኝ ግንባሬን እንደምትነካው፣ መዳፏን ዳንቴሉ ላይ አሳረፈች። ቶሎ አነሣችው። እንደገና አሳረፈች። ከዚያ የቢራቢሮውን ክንፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ዳንቴሉን ቀስ አድርጋ ገፈፈችው፤ ሥሩ ያለው ወንፊት ያስወጣው ትኩስ አየር እኔ እስካለሁበት መጣ። ጩኸቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ እንደ ሩቅ ወፍጮ ሆነ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ። እናቴ ግን በዚህ አልረካችም፤ ዳንቴሉን መልሳ አለበሰችው፣ በሃያ ደቂቃ ጠፋ። ገፈፈችው፣ ሠራ። ለሦስተኛ ጊዜ አለበሰችው፣ ጠፋ። ወደ ደብተሩ ሄዳ «እዚህ» በሚለው ሥር አንድ ቃል ጻፈች።

ማንበብ አላስፈለገኝም። ያን ሁሉ ቀን፣ ቤት በተመለሰ ቁጥር፣ ኮምፒውተሩን ሳፍን የነበርኩት እኔ ነኝ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ቅልቅሉ አራት ቀን ቀርቶታል፣ ቃሏ ሊጠፋ ነው፣ ባለ ፎቶ ቤቱ ሊስቅ ነው፣ ሁሉም በእኔ ነው። እናቴ ዳንቴሉን በአራት አጥፋ ጡቷ ሥር ያዘችውና አጠገቤ ተቀመጠች። «ልል ስፌት ቢሆን ኖሮ አየር ያሳልፍ ነበር» አለችኝ። «ስፌትሽ ጠበቅ ያለ ሆኖ ነው።» ከዚያ አፍንጫዬን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከረቡዕ እስከ ዓርብ ከወንበሯ የምትነሣው ለቡናና ለእንቅልፍ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ተቆርጦ ተቀጥሎ አልቆ የመጨረሻው ሬንደር ብቻ ቀረ፣ ያም ሙሉ ቀን ይፈጃል። አስጀመረችው፣ ራቁቱን ተጋድሞ ሲሠራ ቆማ አየችው፣ ነጠላዋን አደገደገችና «ነይ ተከተይኝ» አለችኝ። ወዴት እንደምንሄድ የገባኝ ገበያው መግቢያ ስንደርስ ነው። እጇን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩ። ለገመቹ ልታስረክበኝ መሰለኝ።

ሱቁ እንዳለፈው ቅዳሜ ሞልቶ ነበር፤ ስልክ የሚያስጠግን፣ ዘፈን የሚያስጭን፣ ዝም ብሎ ጥላ የፈለገ። እናቴ «አካም ቡልተን» ብላ ሰላምታ ሰጥታ ገባች። ገመቹ ከሥራው ቀና ሳይል «ዛሬ ደግሞ ምን ነካካሁ?» አላት።

«ምንም አልነካካህም» አለች። ድምፅዋን አልቀነሰችም። «ሥራህ ከመጀመሪያው ልክ ነበር። ዳንቴል አልብሼ መተንፈሻውን የደፈንኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ እዚሁ ቆሜ ስለጮህኩብህ፣ ዛሬም ሰው ሁሉ እየሰማ እዚሁ ቆሜ ልንገርህ ብዬ ነው የመጣሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ። ከዚያ ጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ዳንቴል ብቻ? ጋቢም ብትደርቢለት አይበርደውም ነበር!» አሉ፣ ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። ሰው ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ የእናቴ ጆሮ ሲቀላ ሳይ አልቻልኩም፣ «እኔ ነኝ» ልል አፌን ከፈትኩ። ጣቶቼን የያዘው እጇ ጠበቀ። እስኪያመኝ ጠበቀ። አፌን ዘጋሁ።

ገመቹ ብሎን መፍቻውን አስቀምጦ «ዋቃዮ! ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ እኮ!» አለ፣ እሱም ሳቅ እያሸነፈው። ከዚያ የሙያው ነገር ሆኖበት ግራ ተጋብቶ ጠየቃት፦ «ቆይ ግን፣ ዳንቴል ቀዳዳ አይደለም እንዴ? ምን ዓይነት ዳንቴል ቢሆን ነው አየር የማያሳልፈው?»

«ጥሩ ዳንቴል» አለች እናቴ።

በነጋታው እሑድ፣ ጉደር፣ ኦቦ ተሾመ ግቢ ውስጥ በተተከለው ድንኳን የሁለቱ ወገን ዘመዶች ተሰብስበው ቪዲዮውን አዩት። ሙሽሪት ራሷን ስታይ በእጇ አፏን ሸፈነች፣ ሚዜዎቹ እየተጠቋቆሙ ተሳሳቁ፣ እስክስታውም ሳይንተባተብ ወረደ። በመጨረሻ «አዘጋጅ ብርቅነሽ» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ ኦቦ ተሾመ ማንበብ ስለማይችሉ «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁና ሲነገራቸው ብድግ ብለው «ገላቶሚ፣ ኢንተላ ኮ! አመሰግናለሁ ልጄ፣ ተናገርሽ፣ አደረስሽ!» እያሉ መረቋት። አባቴ ከጭልሞ መጥቶ አብሮን ነበር፤ የሰማውን ሁሉ ያልሰማ ይመስል ለጎረቤቱ «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያለ ደጋግሞ ያስወራው ነበር።

የሱቁ ሳቅ ግን እዚያው አልቀረም። የካቲት ሳይገባ እናቴ በአምቦ «ባለ ዳንቴሏ» ተባለች። ባለ ፎቶ ቤቱ በቪዲዮው መድረስ የተቃጠለውን ያህል በዚህ ስም ተጽናና፣ እናቴ ስታልፍ «ብርቄ፣ ብርድ ገብቷል፣ ልጁን አልብሽው!» ይላት ነበር። ባጃጅ ነጂዎች ይሏት ነበር፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠውም ትላት ነበር። እናቴ «ለብሷል፣ ለብሷል» ብላ ታልፍ ነበር። እኔ ከጎኗ እየሄድኩ መሬት መሬት አይ ነበር። የምጠብቀው አንድ ቀን ደክሟት፣ «ልጅ እኮ ናት ያደረገችው» ብላ ስትገላገል ነበር፤ ማንም በልጅ አይስቅም፣ ነገሩም በአንድ ቀን ይረሳ ነበር። በልግ መጣ፣ ክረምት ተመልሶ ገባ፣ አላለችም።

ዛሬ እናቴ በጉደር መንገድ ላይ የራሷ ሱቅ አላት። ያ ቀጭን ኮምፒውተር ጡረታ ወጥቶ ትላልቅ ተተክተዋል፣ ገመቹም ዕቃዋን ከሱ ሌላ ሰው እንዲነካ አይፈቅድም። «ባለ ዳንቴሏ» የሚለው ስም ስድብነቱ ጠፍቶ አድራሻ ሆኗል፤ ሙሽራ ይዘው ከጊንጪና ከአዲስ ዓለም የሚመጡ ሰዎች «የባለ ዳንቴሏ ቤት የት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

እኔ በምሠራበት ቢሮ ነገር ሲበላሽ ሁላችንም የምንለው አለን። ኔትወርክ ነው፣ መብራት ነው፣ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ነው። ባለፈው ወር ለብዙ ሰው የሚላክ ዝርዝር አሳስቼ ላክሁና አለቃዬ ሁላችንን ሰብስቦ «ማን ነው?» ሲል፣ አዲስ የተቀጠረችው ልጅ ላይ የሁሉም ዓይን ሲያርፍ፣ «ኔትወርኩ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ። እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ እናቴ ሱቁ ውስጥ ስትለው ቀላል ይመስል ነበርና።

ቅዳሜ አምቦ ሄጄ፣ ይህንን ሁሉ ነግሬያት ስጨርስ፣ ያኔ ለምን እኔ መሆኔን እንዳልተናገረች ጠየቅኳት። ስክሪኑ ላይ ባለች ሙሽራ ዓይነ ርግብ ላይ ዓይኗን እንደተከለች «ማሽኑ የማን ነበር?» አለችኝ።

«ያንቺ።»

«ታዲያ የማን ጥፋት ይሁን?» ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ በእናቴ የምኮራው የኮምፒውተር ሆድ ከፍታ መዝጋት በመቻሏ ነበር፣ ለክፍሌ ልጆችም የማወራው እሱን ነበር። ያንን ዛሬ ገመቹም፣ እኔም፣ ብዙ ሰውም ይችለዋል። ያን ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ ያደረገችውን ግን ለማንም አውርቼው አላውቅም ነበር፤ ዳንቴሉን የሠራሁትና ያለበስኩት እኔ መሆኔን አምቦ አሁን ነው የሚሰማው።